ከቦርሳዋ የተገኘ መነጽር

ጠዋት ሻይዋን ልትጠጣ ስትቀመጥ ብርጭቆዋ አጠገብ መነጽር ተቀምጦ አገኘች። በዚያ ቤት መነጽር የሚያደርግ ሰው የለም። ወንድሟ አያደርግም፣ ሚስቱ አታደርግም፣ እሷ ደግሞ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷትም መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው ወደ መስኮቱ እንኳ ሳትዞር ነው። ክፈፉ ቡናማ ነው፤ አንደኛው እግሩ ላይ የዋጋ ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ቀርቷል፤ መንገድ ዳር በትሪ ከሚቸረቸሩት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አፍንጫው ላይ እየሰካ ሞክሮ ከሚመልሳቸው አንዱ መሆኑ ያስታውቃል። አንስታ በብርሃን አየችው። ግራ መስታወቱ ላይ የማታውቀው ሰው የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«የማነው ይሄ?» አለች።

የወንድሟ ሚስት የዳቦውን ቢላ መጥረግ ጀመረች፤ ቢላው ከጠራ በኋላም መጥረጓን አላቆመችም። ወንድሟ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ ዐይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ መለሰላት።

«ያንቺ ነው፣ እታለም። ዛሬ ስትሄጂ ያዥው።»

«እኔ ዐይኔን ምን ሆንኩና?»

«ምንም አልሆንሽም። ለነሱ ነው እንጂ። ዐይኔ ደከም ብሎብኛል ካልሽ ፋይሉን ዘግተው ያሰናብቱሻል። አይቻለሁ ብለሽ ድርቅ ካልሽ ግን… ወታደር ናቸው፤ ነገር ማንዛዛት ይወዳሉ።»

ይህን ልጅ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ፋብሪካው ውስጥ መጋዘን ያስገባችውም እሷ ናት፣ ዛሬ የመጋዘን ኃላፊ ተብሎ ቁልፍ ቢያንጠለጥልም። ባል ሳታገባ የቀረችው ለምን እንደሆነ በዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም፤ እንደ ወለሉ ስንጥቅ ሁሉም እየተራመደው ያልፋል። መነጽሩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው፤ አምናው ሳይሆን ሻይው እንዳይቀዘቅዝ ብላ። ከዚያ እሱ ኮቱን ሲለብስ እንደ ልማዷ ከኋላው ቆማ ትከሻውንና ጀርባውን በመዳፏ ጠረገችለት። የጥጥ ብናኝ የሌለበትን ቀን አታስታውስም። ተማሪ ሳለ ጀምራ በሩ ላይ አቁማ ሳትጠርገው ሰዳው አታውቅም፤ እሱም ለዚህ ጊዜ ጀርባውን መስጠት ለምዷል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። የቀን ፈረቃ ሲወጣ፣ ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጨልም፣ ከፋብሪካው የውሃ ማጠራቀሚያ በላይ ብርሃን አየች። ነጭ ነበር፣ ጠርዙ ወደ አረንጓዴ ያደላ። ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆመ፤ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ጎን ተንሸራተተና እንደገና ቆመ፤ ከዚያ እንደ ተበጠሰ ክር ወዲያው ጠፋ። በሩ ላይ የነበረውን ዘበኛ «አየኸው?» አለችው። ዘበኛው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሷ ያየችውን ያይ ነበር። ለዘበኛው ደግሞ ያልተለመደ ነገር ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ተሰጥቶታል። ድመት በአጥሩ ብትዘል ይጽፋል፤ መኪና ከበሩ ፊት ቢቆም ይጽፋል። ፋብሪካው ለጦሩ የደንብ ልብስ ጨርቅ ስለሚያመርት መዝገቡ በየሳምንቱ ጦር ሰፈር ሄዶ ይታያል። ዘበኛው ታዲያ ብዕሩን አሽቶ አሽቶ «የጥራት ተቆጣጣሪዋ ሰማይ ላይ ብርሃን አየሁ አለች» ብሎ ጻፈ። አለች! እሱ የለበትም። በአራተኛው ቀን ጦር ሰፈር ቅረቢ የሚል ማኅተም ያለበት መጥሪያ መጣ፤ በአምስተኛው ቀን ፋብሪካው ሙሉ ሰማ።

«እትዬ ጠመኔ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ እኮ!» አሉ ሸማኔዎቹ። «ምነው ሰማዩ ላይ ኤክስ ብታደርጊበት!»

እትዬ ጠመኔ የሚሏት በሥራዋ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥሩ መብራት ካለው የመስታወት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ጨርቁ ከመዘውሩ እየተፈታ በመስታወቱ ላይ ያልፋል፤ ማግ የዘለለበት፣ ድር የተበጠሰበት፣ ዘይት የነካው ቦታ ሁሉ በብርሃኑ ይጋለጣል፤ እሷም እጇን ዘርግታ በጠመኔ ኤክስ ታደርግበታለች። ኤክስ ያረፈበት ጣቃ ከመጋዘን አይወጣም። ምልክቱን መሰረዝ የምትችለው ራሷ ብቻ ናት፤ ዐይኗ ለሥራው ብቁ አይደለም የሚል ወረቀት ካልመጣ በቀር። ባለፈው ወር ከሰባተኛው ማሽን የወጣውን አርባ አንድ ጣቃ የደንብ ልብስ ጨርቅ በሙሉ ጥላዋለች፤ በየስንዝር ተኩሉ አንድ ማግ ይዘላል፣ ሲወጠር እንደ ወረቀት ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ በአጠገቧ ሲያልፍ ግድግዳ ሰላም ይላል እንጂ እሷን አይልም። ይህንና ብርሃኑን የሚያገናኝ ክር ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልታያትም ነበር። የጨርቅ ክር ነው የምታውቀው፤ የሰውን ማን አስተማራት?

ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያስቀመጧት አንድ እግሩ አጥሮ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ኮሪደሩ የነጭ ጋዝና የእርጥብ ቦት ጫማ ይሸታል። ዘበኛው ቀድሟት መጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል፤ ስታየው ወደ ካርቶኑ አጎነበሰ።

«ምን አልካቸው?» አለችው።

«እውነቱን ነዋ። ብርሃን አየሁ ስትል ሰምቻለሁ አልኩ።»

«አንተስ አላየህም?»

«እኔማ ያኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነበር፣ እትዬ።»

ጫማውን አየችው። ጉልበቱ ድረስ የሚጠለቅ ጎማ ቦቲ ነው፤ በጋ ከክረምት ሌላ ጫማ አድርጎ አይታው አታውቅም። ማሰሪያ ቀርቶ ማሰሪያ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። እሷ ወዴት እንደምታይ ሲያውቅ ቦቲዎቹን ቀስ አድርጎ ወንበሩ ሥር ሰበሰባቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ውሸት መናገሩ አልነበረም ያቅለሸለሻት፤ ለውሸቱ እንኳ እንዳይጨነቅ የሚያደርገው እርግጠኝነት ነው፤ ማንም ወደ ጫማው ዝቅ ብሎ እንደማያይ ያውቃል።

መርማሪዎቹ ሦስት ነበሩ። መሐል የተቀመጠው ሻለቃ ወፍራም፣ ጺሙን ጥርግ ያደረገ፣ ኮቱ ከፋብሪካ የወጣበት እጥፋት ገና ያልጠፋ ሰው ነው። በቀኙ ወጣት መቶ አለቃ ይጽፋል። በግራው አንድ ወታደር ነርስ የፊደል ሰሌዳ ጉልበቱ ላይ አቁሟል። መጀመሪያ ላይ ጨዋዎች ነበሩ። «እናቴ ይቀመጡ፣ እናቴ ውሃ ይጠጡ» አሏት። ያየችውን ከነቦታው፣ ከነሰዓቱ ነገረቻቸው፤ መቶ አለቃው በወረቀት ጠርዝ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያውን ሥሎ ብርሃኑ የቆመበትን በነጥብ እንድታሳየው ብዕሩን ሰጣት። ሻለቃው ግን የታተመ ቅጽ ነበረው። ቅጹ «የታየው ነገር» ይልና አምስት ሳጥን ይደረድራል፤ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ መብረቅ፣ የመኪና መብራት፣ ምንም።

«የትኛው ነው?» አላት።

«አንዱም አይደለም።»

«እንግዲያው ምንም ልበል?»

«ምንም ቢሆንማ ለምን ጠራችሁኝ?»

ነርሱ ሳቁን በሳል አሳለፈው። ሻለቃው ፊቱን ሳይለውጥ ዐይኗ እንዲመረመር አዘዘ። ነርሱ ሰሌዳውን ከክፍሉ ጥግ ሰቅሎ ከመጨረሻው ግድግዳ ጋር አስጠጋት። ከትልቁ ፊደል ጀምራ ወረደች፤ የመጨረሻውን ረድፍ ጨረሰች፤ ነርሱ ይበቃል ሲል እሷ ገና አላበቃችም ነበርና ከሰሌዳው ግርጌ በትንኝ እግር የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጭምር አነበበችለት። ነርሱ ወደ ሰሌዳው ሄዶ አፍንጫውን አስጠግቶ አየ። «እሱን እኔም አንብቤው አላውቅ፣ እናቴ» አላት። ደስ አላት፤ እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አላት። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ሻለቃው ከፋይሉ ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት እየፈታ ነበር።

«ሰሌዳ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰማይ ሌላ ነው» አለ። «ቤተሰብዎ የጻፈው ደብዳቤ እዚህ አለ። ‹እኅቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ የዐይን ድካም ስላለባት ያለ መነጽር ነገር ለይታ አታይም፤ ሥራዋንም የምትሠራው ተቸግራ ነው› ይላል። መነጽር አለዎት?»

«የለኝም።»

«ቦርሳዎን ቢከፍቱልን?»

ቦርሳዋን ማን ነገራቸው? እጇ ከራሷ ቀድሞ ገባው፤ መክፈቻውን ይዞ ቀረ። መቶ አለቃው ዐይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። ከፈተችው። ሻለቃው በሁለት ጣቱ መነጽሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው፣ የሙጫው ምልክት፣ የማታውቀው ሰው አሻራ፣ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ነበረ። የዘለለውን ማግ ያን ጊዜ አገኘችው። መነጽሩ እንድታደርገው አልነበረም የተገዛው፤ እንዲገኝባት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለው ወንድሟ፣ ሻይ ውስጥ ዳቦ እየነከረ፣ በገዛ እጇ ወጥመዱን ተሸክማ እንድትሄድ አደረጋት። ስለ ብርሃኑ ግድ የሚሰጠው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ያ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ አመድ መድፊያ ያደርጉታል። የተፈለገው ዐይኗ ነው፤ በዐይኗ የተቆለፈው አርባ አንድ ጣቃ ነው።

ሻለቃው ደብዳቤውን ሊያሳያት እጁን ዘረጋ። እጁ ሲዘረጋ ኮቱ ከትከሻው ተወጠረ፤ ተወጥሮም በግራ ትከሻው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ተከፍቶ የገበሩ ንጣት ታየ። እሷ ደብዳቤውን አልተቀበለችም።

«ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ኮት ከየት አገኙት?»

«ምን አሉኝ?»

«ከትከሻዎ ስፌት ሁለት ጣት ወረድ ብሎ ማግ ዘሏል። ከዚያ ስንዝር ተኩል ዝቅ ብሎ፣ ከኪስዎ ክዳን ሥር፣ ደግሞ ዘሏል። ከኋላዎም አለ፤ ከዚህ ሆኜ ስለማይታየኝ ነው የማልናገረው። የሰባተኛው ማሽን ጨርቅ ነው። ኤክስ አድርጌበት ነበር። ተቆልፎበታል ብዬ ነበር የማውቀው።»

ነርሱ ሳያስበው ተነስቶ ከሻለቃው ኋላ ዞረ። ጎንበስ አለ። በጥፍሩ መሥመሩን ተከተለው። «አለ፣ ሻለቃ» አለ፤ ከዚያ ማን መሆኑ ትዝ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ይቆጣል አለች በልቧ። ወታደሮቹን የሚያለብሱት የሚቦጨቅ ጨርቅ ነው፤ እሱ ደግሞ አዛዥ ነው፤ ሰው ነው፤ ጠረጴዛውን መትቶ ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ ይላል። ሻለቃው በእርግጥም ኮቱን አወለቀ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ሁለቱን መሥመሮች አገኛቸው፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ከዚያ ኮቱን መልሶ ለበሰውና፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከቆለፈ በኋላ፣ «የፋብሪካው አስተዳደር ስጦታ ነው፤ ናሙና ነው ብለውኛል» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ተቀምጦም ለመቶ አለቃው በቃሉ ያስጽፈው ጀመር።

«ከምስክሯ ቦርሳ መነጽር ተገኝቷል። ምስክሯ ብርሃን አየሁ ባለችበት ሰዓት መነጽሩን አላደረገችም። የቤተሰብ ማስረጃ ተያይዟል። የታየ ነገር፣ ምንም። የምስክሯ ዐይን ጥንቃቄ ለሚጠይቅ ሥራ ብቁ አለመሆኑን ለመሥሪያ ቤቷ ይጻፍ።»

«ነርሱ አሁን አላየም?» አለች። ነርሱ ጥፍሮቹን ይመረምር ነበር።

ፈርሚ ብለው ብዕር ሲሰጧት እጇን ጭኗ ላይ አቆየችው። «ያላየሁትን አልፈርምም። ያየሁትን ደግሞ አልጻፋችሁትም» አለች። ሻለቃው አልተናደደም። በጣም ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ኮት የተሰፋለት ሰው ትዕግሥት አያንሰውም። «ግዴታ የለም» አለ፤ ወደ መቶ አለቃው ዞረና፣ «‹የሚፈረምበትን ቦታ ለይታ ማየት ስላልቻለች› ብለህ ሙላው» አለው።

መቶ አለቃው እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሸኛት። በሩ ጋ ሲደርሱ ወዲያና ወዲህ አየና፣ በሹክሹክታ፣ «እናቴ፣ እውነት ድምፅ አልነበረውም?» አላት። አልነበረውም አለችው። ጠርዙስ? አረንጓዴ። ያንን የሣለበትን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ሲያስገባ አየችው። ጎበዝ! ለራሱ ማስታወሻ አስቀረ። ከሦስቱ የተሻለው ይኸው ነው፤ እውነትን የሚወዳት ኪሱ ውስጥ ሆና ነው።

ፋብሪካ ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወረቀቱ በስልክ ቀድሟት ገብቶ ነበር። የጠረጴዛዋ መብራት ጠፍቷል፤ ወንበሯ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ተሰቅሏል፣ ምግብ ቤት ሲዘጋ እንደሚደረገው። ከመጋዘኑ የውሃ ድምፅ ሰማችና በሩ ጋ ቆመች። ስድስት ሠራተኞች ጣቃዎቹን መሬት ላይ ዘርግተው፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ የጠመኔውን ምልክት እየፈተጉ ያጠፋሉ። ከባልዲዎቹ የሚፈሰው ውሃ ወተት መስሎ ነጥቷል። ከስድስቱ አንዷ የወንድሟ ሚስት ናት። ጠዋት ቢላውን እንደጠረገችው አድርጋ ነው የምትፈትገው፤ ከጠራም በኋላ አታቆምም። ዐይን ለዐይን ተያዩ። «እትዬ…» አለችና ጨርቋን መልሳ ባልዲው ውስጥ ነከረች።

ወንድሟ ቁልፎቹን እያንሿሿ ከመደርደሪያዎቹ መካከል ወጣ። ክንዷን ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ጎን ወሰዳት። ወዙ ፊቱ ላይ ወጥቷል።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። ላንቺ ብዬ ነው። እስከ መቼ እዚህ መብራት ላይ ዐይንሽን ትፈጂያለሽ? ቤት ተቀምጠሽ ታርፊያለሽ። ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው ካንተ ካልሆነ ከማን ይሆናል አለኝ። እኔ እንቢ ብል ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።»

«ሌላ ሰው መነጽር አይገዛልኝም ነበር» አለች።

ቁልፎቹን በመዳፉ ጨበጣቸው። ጥፋቱን ያወቀ መሰላት፤ ወዲያው ግን ሰዓቱን አየና ሥራ አስኪያጁ እንደሚጠብቀው ነገራት፤ የወጣውን ጣቃ ዝርዝር ይዞ መቅረብ አለበት። ኮቱን ከምስማሩ አንስቶ ለበሰ። ከልማዱ የተነሳ፣ ሳያስበው፣ እንደ ተማሪነቱ ጀርባውን ሰጣት። ሃያ ዓመት የለመደው ጀርባ ነው፤ ዛሬም እንኳ አልተጠራጠራትም። እሷም ከልማዷ ቀኝ እጇን አነሳች፤ ትከሻውን ጠረገች፤ ብናኙ ረገፈ። ግራ እጇ ጠረጴዛዋ ጎን በተሰቀለው ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠመኔው እንደ ሁልጊዜው እዚያው ነው። አወጣችውና ከግራ ትከሻው እስከ ቀኝ ወገቡ፣ ከቀኝ ትከሻው እስከ ግራ ወገቡ፣ ሳትቸኩል፣ በዘለለ ማግ ላይ እንደምታደርገው አደረገች። ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ጠመኔ።

«ጠራ?» አላት።

«ሂድ» አለችው።

ወደ አስተዳደሩ የሚወስደው መንገድ በሽመናው አዳራሽ ነው። በሁለት ረድፍ ማሽን መካከል ሄደ። ከኋላው አንዷ ሸማኔ ጎረቤቷን በክርኗ ነካች፤ ያቺ ሌላዋን። በዚያ አዳራሽ ያ ምልክት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ማን ብቻ እንደሚያጠፋውም እንዲሁ። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ የሳቅ ድምፅ አይሰማም። ፊቱን ወደ እነሱ ሲያዞር ሁሉም ሥራቸው ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት፤ እሱም ኮራ ብሎ መለሰ። አንድም ሰው አልነገረውም። ይህም ቢሆን አያኮራም፤ እነዚሁ ሴቶች ነገ በዚያ ጨርቅ ላይ ምንም እንዳላዩ ሆነው ይሠራሉ።

የቀን ፈረቃ ሲወጣ እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። ሻርፗን፣ የሻይ ብርጭቆዋን፣ የተረፈ ጠመኔዋን በቦርሳዋ ይዛ በሩ ጋ ደረሰች። መነጽሩ ጦር ሰፈር፣ ፋይል ውስጥ ቀርቷል። ወንድሟ ከአስተዳደሩ ወጥቶ ቀድሟት በበሩ ያልፍ ነበር፤ ደስ ብሎታል፣ ያፏጫል። ኤክሱ እንዳለ ጀርባው ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ከፊት እንጂ ከኋላ አላየውም ማለት ነው፣ ወይም አይቶ እንደማይመለከተው አድርጎ አልፎታል። ዘበኛው «ደህና ዋሉ፣ ጌታዬ» ብሎ በሩን ከፈተለት። አሳለፈው። ጀርባውን እስከ መንገዱ ማዶ በዐይኑ ሸኘው። ከዚያ ከልማዱ መዝገቡን ስቦ ገለጠ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ብዕሩን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሰበ። እሷን ሲያይ ቦቲዎቹን ሰበሰበ። ያልተለመደ ነገር ብቻ ነው የሚጻፈው። መዝገቡን ዘጋው።